ሳይቃጠል በቅጠል
ለመኖሪያ ቤት የሚስማማ የእሳት መከላከያ ዕቃ ስለ መምረጥ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለጠብና ለክርክር ነው። ቃሉ ግን በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ እሳት ነው። ይኸውም ነበልባሉ ገና ትንሽ ሳለ አንድ ለምለም ቅጠል ሊያጠፋው ሲችል፣ ካደገ በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢረባረብ እንደማይመልሰው ያስረዳል።

ዛሬ ያ ቅጠል በየሱቁ በብዙ ዓይነት ይሸጣል። ዱቄት ወይም አረፋ የሚተፋ ቀይ ሲሊንደር አለ፤ ነበልባል የሚያፍን ጨርቅ አለ፤ በጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ጢስ ሲሸተው የሚጮህ ደወል አለ። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውንና ትልቅነቱን ብቻ ተመልክቶ አንዱን ይገዛና በሳሎኑ ማዕዘን አቁሞ «ከእንግዲህ ቤቴ ተጠበቀ» ይላል። እሳቱ በመጣ ቀን ግን ዕቃው ለዚያ እሳት የማይሆን፣ ወይም በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ለነበረው ሰው ከብዶ የማይነሣ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማንኛውም የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ሊመልስ ይገባል። በቤቱ የሚነደው ምንድር ነው? እሳት ሲነሣ ቤት የሚገኘው ማን ነው? መውጫውስ በየት ነው?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሸማ ተራ በተባለው ስፍራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን አውድሟል፤ የመንገዱ ጥበትም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳሰናከለ በዚያን ጊዜ ተነግሯል። በአያሌ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ያለው መተላለፊያም ከዚያ የማይሻል ነው። በብዙ ትንንሽ ከተሞችና ቀበሌዎች ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የሚሠራው ቤተ ሰቡ ራሱ ነው። ይህ ትምህርት የሚመለከተውም እነዚያን ደቂቃዎች ነው።

፩ኛ፤ የእሳት ጠባይ

እሳት እንዲኖር ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፤ እነርሱም የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳቱ ይሞታል። ውሃ ሙቀቱን በማብረድ ያጠፋል፤ ክዳንና ብርድ ልብስ አየሩን በመከልከል ያጠፋሉ፤ የጋዙን መክፈቻ መዝጋትም የሚነደውን ነገር በማስቀረት ያጠፋል። የእሳት መከላከያ ዕቃ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን የሚሠራ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሻጩ የሚነግረውን ሁሉ ሳይመረምር አይቀበልም።

፪ኛ፤ በቤቱ የሚነደው ምንድር ነው?

ሁሉም እሳት አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመው እሳት በአምስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የደረቅ ነገር እሳት ነው፤ እንጨት፣ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ወረቀት፣ እንዲሁም ለቡና የተጎዘጎዘ ቀጤማ ደርቆ ከማንደጃው ፍም ሲነካ የሚነሣው ነው። ይህን ውሃ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው የላምባና የቤንዚን እሳት ነው። ላምባና ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀልሉ ውሃ ቢደፋባቸው በላዩ ተንሳፈው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳሉ፤ እሳቱም ይሰፋል። ለዚህ አሸዋ፣ አረፋ ወይም ደረቅ ዱቄት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጋለ የምግብ ዘይት እሳት ነው። በነደደ ዘይት ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። ውሃው ከዘይቱ በታች ይሰምጥና በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም ከውሃው መጠን ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ የነደደውን ዘይት ወደ ፊትና ወደ ጣሪያ ይረጨዋል።

አራተኛው የሲሊንደር ጋዝ እሳት ነው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከሩቅ ያለ ፍምም ሊያቀጣጥለው ይችላል። ከጎማው ላይ የሚነድ ነበልባል ቢታይ ዋናው መድኃኒት መክፈቻውን መዝጋት ነው። መክፈቻው ሳይዘጋ ነበልባሉ ብቻ ቢጠፋ ጋዙ በቤቱ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላልና።

አምስተኛው ኤሌክትሪክ ያለበት እሳት ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ይህ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ወይም ከፍሪጅ ጋር በአንድ ሶኬት ከተጫነ ገመዱ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ በኮርኒሱም ውስጥ ሳይታይ ይነድዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ ኃይሉን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማጥፊያ መቁረጥ ያስፈልጋል። ኃይሉ ሳይቋረጥ ውሃ መርጨት ለሞት ያደርሳል።

፫ኛ፤ ቤት የሚገኘው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ነው። ዕቃውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ በሚነድበት ሰዓት እርሱ በሥራው ላይ ነው። በምድጃው አጠገብ የምትቆመው ሚስቱ፣ ልጁ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። በጓዳ የተኙት አሮጊት እናቱ ወይም ሕፃኑ ናቸው። 6 ኪሎ ዱቄት የያዘ ማጥፊያ ከነሲሊንደሩ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል። ይህ በአባወራው ቁመት ልክ ከፍ ብሎ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ የአጠቃቀሙም ጽሕፈት በባዕድ ቋንቋ ከሆነና ማንም ተርጉሞ ካላስረዳ፣ ለዚያ ቤት እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ መሣሪያው መመረጥ ያለበት ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰዓት በቤት ለምትውለው ሰው ክንድ ተለክቶ ነው። ከመገዛቱም በፊት እርስዋው ሱቅ ድረስ ሄዳ ብታነሣው መልካም ነው። ማንሣት ካቃታት የ2 ወይም የ3 ኪሎው ይሻላል። ቢያንስም እንኳ የምታነሣው ትንሽ ዕቃ ከማታነሣው ትልቅ ዕቃ ይበልጣል።

፬ኛ፤ መውጫው በየት ነው?

የለንደን ከተማ ታላቁ ቃጠሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2 ቀን 1666 ሌሊት ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ተነሥቶ ከ13,000 በላይ ቤቶችን አቃጥሏል። የጋጋሪው ቤተ ሰብ ወደ ታች የሚያስወርደው መንገድ በእሳት ስለ ተዘጋባቸው በላይኛው መስኮት ወጥተው ወደ ጎረቤት ቤት ተሻገሩ። የቤቱ ሠራተኛ ግን ፈርታ ቀረች፤ የቃጠሎውም የመጀመሪያ ሟች እርስዋ ሆነች። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንድ ቤት ሁለት መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ በሁለተኛውም መውጫ መውጣትን የቤቱ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊለማመደው ይገባል።

በከተሞቻችን ሌባን በመፍራት መስኮት ሁሉ በብረት ይታጠራል፤ በሩም ሌሊት ከውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ በአባወራው ትራስ ሥር ያድራል። ሌባን የከለከለው ብረት ቤተ ሰቡንም ይከለክላል። ስለዚህ በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ የአንዱ መስኮት ብረት በማጠፊያ ተሠርቶ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት ቢሆን፣ የበሩም ቁልፍ ሌባ ከውጭ እጁን ሰዶ በማይደርስበት፣ ልጅ ግን ከውስጥ በሚያገኘው አንድ የታወቀ ስፍራ ቢሰቀል ይገባል። ይህ ሥራ የብየዳ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከማናቸውም ቀይ ሲሊንደር አስቀድሞ መፈጸም ያለበት ነው።

፭ኛ፤ ዕቃዎቹና አገልግሎታቸው

የድስት ክዳን። ለነደደ ዘይት የመጀመሪያው መሣሪያ ከድስቱ ወይም ከመጥበሻው ልክ የሆነ የብረት ክዳን ነው። ምድጃው ይጠፋል፤ ክዳኑ ከራስ በኩል ወደ ፊት እየተገፋ ይደረባል፤ ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስም አይከፈትም። መጥበሻውን አንሥቶ ወደ ደጅ መሮጥ ነበልባሉን ወደ ራስ ይመልሳል።

የእሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ። ይህ ከመስታወት ክር ወይም ይህን ከመሰለ የማይነድ ነገር የተሠራ ጨርቅ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ ያለው ይበቃል። ድስት ለማፈንም፣ ልብሱ የተቀጣጠለ ሰው ለመጠቅለልም ያገለግላል። ዋጋው መጠነኛ፣ ክብደቱ ቀላል፣ አጠቃቀሙም ለሁሉ የሚገባ ስለሆነ ለማድ ቤት ከሁሉ ይስማማል። ሲሰቀልም ከምድጃው ራስ በላይ ሳይሆን በበሩ አጠገብ ይሁን።

ደረቅ ዱቄት። ለብዙ ዓይነት እሳት የሚያገለግለው ይህ ነው፤ ለደረቅ ነገር፣ ለላምባ፣ ለጋዝና ኤሌክትሪክ ላለበት ዕቃም ይሆናል። ጉድለቱም ሊታወቅ ይገባል። ዱቄቱ ክፍሉን ሞልቶ ዓይንንና ትንፋሽን ያስቸግራል፤ ፍሙንም ስለማያበርድ እሳቱ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ በጥልቅ ዘይት ላይም ኃይሉ ዘይቱን ሊረጨው ይችላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ለኤሌክትሪክ ዕቃ መልካም ነው፤ ቆሻሻም አይተውም። ነገር ግን ለፍራሽና ለእንጨት አይበቃም፤ ነፋስ ባለበት ደጅ ይበተናል፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍልም ትንፋሽ ያሳጣል። የሚተፋበት ቀንድ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ እጅን ይጎዳል። ለቤተ ሰብ የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

ውሃና አሸዋ። የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ እንዲሁም አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ በደጅ መኖር እጅግ ይጠቅማል። ውሃው ለደረቅ ነገር፣ አሸዋው ለፈሰሰ ላምባ መሆኑን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።

የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል። ማጥፊያ የሚጠቅመው ለነቃ ሰው ነው፤ ለተኛ ሰው ግን የሚጠቅመው ደወል ብቻ ነው። እንቅልፍ የማሽተትን ኃይል ያደክማልና የጢስ ሽታ ይቀሰቅሰኛል ብሎ መታመን አይገባም። በብርሃን ጨረር የሚሠራው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚጤሰውን የፍራሽና የልብስ እሳት ፈጥኖ ስለሚያውቅ ለመኝታ ቤት ይመረጣል። የሚሰቀለውም በመኝታ ክፍሎቹ ደጃፍ በጣሪያ ላይ ነው። ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ስፍራ ይራቅ። በየዕለቱ በከንቱ የሚጮህን ደወል የቤቱ ሰው ተሰላችቶ ባትሪውን ማውጣቱ አይቀርምና፤ ባትሪው የወጣ ደወል ደግሞ ቤተ ሰቡን በከንቱ ተስፋ ያስተኛል። ደወሉ በየወሩ በመሞከሪያው ቁልፍ ይፈተን፤ ከ10 ዓመት በኋላም በአዲስ ይተካ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል። ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም አየር ይወጣል። በክረምት ብርድ ማንደጃ ይዘው ገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ነው። ዋናው መከላከያ ፍም ይዞ አለመተኛት ነው። ጀነሬተርም በቤት ውስጥ አይነሣ። ደወሉ ለዚህ ተጨማሪ ጠባቂ ነው፤ የጢስ ደወልም እርሱን አይተካም።

፮ኛ፤ በግዢ ጊዜ ሊመረመር የሚገባው

በማጥፊያው ላይ የተጻፉት ፊደላት የእሳቱን ዓይነት ያመለክታሉ፤ ነገር ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ምልክት አይገጥምም። በሁለቱም ዘንድ «ኤ» ደረቅ ነገር፣ «ቢ» ፈሳሽ ነው። «ሲ» ግን በአውሮፓ የጋዝ እሳት ሲሆን በአሜሪካ ኤሌክትሪክ ያለበት እሳት ነው። የምግብ ዘይትንም አውሮፓ «ኤፍ»፣ አሜሪካ «ኬ» ይለዋል። ከሁለቱም ወገን የመጣ ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ስለሚችል በፊደሉ ብቻ ሳይወሰኑ ሥዕሉንና ጽሑፉን ማስነበብ ይገባል።

የዱቄት ማጥፊያ የግፊት መለኪያ አለው፤ ቀስቱም በአረንጓዴው ላይ መሆን አለበት። መቆለፊያው ቀለበትና ማኅተሙ ያልተነካ፣ ጎማው ያልተሰነጠቀ፣ የተሠራበት ዓመት የተጻፈ ይሁን። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መለኪያ ስለሌለው ሙሉነቱ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ገዝቶ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ «እስቲ ይሠራ እንደ ሆነ» ብሎ ጥቂት መርጨት አይገባም። ዱቄቱ በመዝጊያው ላይ ይቀርና ግፊቱ ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ በችግር ቀንም ባዶ ሆኖ ይገኛል።

፯ኛ፤ አንድ ምሳሌ

አንድ አስተማሪ ከሚስቱ፣ ከአረጋዊት እናቱ፣ ከሦስት ልጆቹና ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር ይኖራል እንበል። ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ማድ ቤቱ በጓሮ ነው፤ የጋዙ ምድጃ ግን ለሥራ እንዲመች በመተላለፊያው ላይ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ተቀምጧል። አስተማሪው ያጠራቀመውን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ የ6 ኪሎ ዱቄት ሊያውለው ያስባል።

ሦስቱን ጥያቄዎች ቢጠይቅ አሳቡ ይለወጣል። ምድጃው በመውጫው ላይ ነው፤ ከነደደ ሰባት ሰው ከውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ምድጃውና ሲሊንደሩ ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ፤ ይህም ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ የእናቱና የልጆቹ መኝታ መስኮት ብረት ተቆርጦ በማጠፊያ ይሠራል። ሦስተኛ፣ አቡጀዲው ኮርኒስ በእሳት ከተያዘ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ ለተኙት የጢስ ደወል ይገዛል። አራተኛ፣ ለማድ ቤቱ ክዳንና ማፈኛ ብርድ ልብስ ይዘጋጃል። በቀረውም ገንዘብ ሠራተኛዋና ሚስቱ በቀላሉ የሚያነሡትን የ2 ኪሎ ዱቄት ይገዛና በመውጫው በር አጠገብ፣ በእነርሱ ቁመት ይሰቅላል። ገንዘቡ ያው ነው፤ የተጠበቀው ሰው ቁጥር ግን ከአንድ ወደ ሰባት ከፍ ብሏል።

፰ኛ፤ አጠቃቀምና ልምምድ

ማጥፊያ ሲነሣ አራት ሥራ በተራ ይፈጸማል። ቀለበቱ ይነቀላል፤ አፉ ወደ እሳቱ ሥር ይነጣጠራል፤ እጀታው ይጨበጣል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠረጋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለ፣ በነበልባሉ ጫፍ ላይ የተረጨ ዱቄት ሁሉ ከንቱ ነው። ትንሹ ማጥፊያ ወደ 10 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይሠራል፤ ትልቁም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ የሚያጠፋው ሰው መውጫውን በጀርባው አድርጎ ይቁም። እሳቱ ጣሪያ ከነካ፣ ጢሱ ከከበደ ወይም ማጥፊያው ካለቀ፣ ሁሉን ትቶ በሩን ከኋላው ዘግቶ መውጣት ነው። የተዘጋ በር እሳቱንና ጢሱን ያዘገያል። ጢስ በሞላበት ቤት ጎንበስ ብሎ ወይም ተድሆ መሄድ ይገባል፤ ንጹሕ አየር የሚገኘው በወለሉ አጠገብ ነውና።

የቤቱ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሚገናኝበት አንድ ስፍራ፣ ለምሳሌ የውጭው በር፣ አስቀድሞ ይወሰን። በዚያም ቤተ ሰቡ ይቆጠራል፤ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም ይጠራል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ 939 ነው። ለልብስ፣ ለገንዘብ ወይም ለሰነድ ብሎ ተመልሶ የሚገባ አይኑር። ልብሱ የተቀጣጠለ ሰው ሳይሮጥ መሬት ላይ ወድቆ ይንከባለል፤ የተቃጠለ ገላም ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይታጠብ እንጂ ቅቤም ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በቀን፣ አንዱን በሌሊት መብራት አጥፍቶ፣ ቤተ ሰቡ በሁለቱም መውጫ ወጥቶ ይለማመድ። የቤት ሠራተኛም በተቀየረች ቁጥር ቡናው የት እንዳለ ከማሳየት በፊት ማጥፊያው፣ ክዳኑና ቁልፉ የት እንዳሉ ይነገራት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ከአምስቱ የእሳት ዓይነቶች የትኞቹ ሊነሡ ይችላሉ? ለእያንዳንዱስ ምን ተዘጋጅቷል?
2. በነደደ ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚከለከለው ስለ ምንድር ነው?
3. ከቀኑ በ5 ሰዓት በቤታችሁ ውስጥ ማን ይገኛል? ማጥፊያውን ማንሣትና ቀለበቱን መንቀል ይችላልን?
4. የፊት ለፊቱ በር ቢነድ የመጨረሻዋ ልጃችሁ በየት ትወጣለች?

አራተኛውን ጥያቄ ወዲያው ለመመለስ ያልቻለ አንባቢ ገና ምንም ዕቃ አይግዛ፤ አስቀድሞ ብረት ሠራተኛውን ይጥራ።